ባለ ሽመላው ነሐስ

ሚስተር ዋልተር ያንን ዕቃ የሰጡን ለሁልጊዜ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል፤ ምክንያቱም እኛ ቤት ነገሩ እስኪገባን ድረስ ብርዱ አልፎ ዛፉ ሁሉ አበባ አውጥቶ ነበር። ሽማግሌው ይሰጡናል፣ እኛ እንመልሳለን። እንደገና ይሰጡናል፣ እንደገና እንመልሳለን። እሳቸው ቤታቸውን ለቀው ከመሄዳቸው በፊት ዕቃው የሚወደድበት ቤት እንዲገባላቸው ይጨነቃሉ፤ እኛ ደግሞ የሰው ዕቃ እኛ ዘንድ እንዳይቀር እንጨነቃለን። ሁለታችንም ጨዋዎች ነን። ጨዋነት ሰውን እንዲህ እንደሚያለፋ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የጀመረው በበረዶው ነው። በፈረንጆች 2014 ጥር ላይ አትላንታ የጣለውን በረዶ የማያስታውስ ሰው ካለ ያን ቀን ከቤቱ አልወጣም ማለት ነው። በረዶው ጫማ እንኳ አይሸፍንም፤ ከተማው ግን በሙሉ መንገድ ላይ ቀረ። እኔ ከኤርፖርት ተሳፋሪ የማመላልስበትን ቫን ሃይዌይ ዳር ፓርክ አድርጌ፣ እየተንሸራተትኩ፣ በረዶውንም ጆርጂያንም ዲቪ የሞላሁባትንም ቀን እየረገምኩ በእግሬ ቤቴ ደረስኩ። ሚስቴ ወለተሥላሴ "እንኳን ደህና ገባህ" እንኳ ሳትለኝ፣ "ፊት ለፊት ሽማግሌው ቤት መብራት ጠፍቷል፤ ሂድና አምጣቸው" አለችኝ።

ሚስተር ዋልተር ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። የምንኖርባት ፓይን ሌክ አንዲት ትንሽ ሐይቅና ዙሪያዋን የከበቧት ቤቶች ማለት ናት፤ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። እኛ ግን እስከዚያ ቀን ከሳቸው ጋር እጅ ከማውለብለብ አልፈን አናውቅም። በረዶው እስኪቀልጥ እኛ ሶፋ ላይ ከረሙ። የቀረበላቸውን ሁሉ ይበላሉ። ቀይ ወጡ ዓይናቸውን እያስነባቸው በሉ። ወለተሥላሴ ጉርሻ ይዛ "በሞቴ" ስትላቸው ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቁኝ።

"እምቢ ካሉ ልሙት ማለቷ ነው" አልኳቸው።

ደንግጠው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወዲያ ሳህኑን ሳይጠርጉ ተነስተው አያውቁም፤ የሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ መስሏቸዋል።

ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ በነበረው እሑድ በራችን ተንኳኳ። ሚስተር ዋልተር ከረባት አስረው ቆመዋል፤ በሁለት እጃቸው አንድ ዕቃ አቅፈዋል። ድቡልቡል፣ ክዳን ያለው፣ ለመጠኑ የሚከብድ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነሐስ ነው። ሆዱ ላይ ከብር የተሠሩ ሽመላዎች በወርቅ ቄጠማ መካከል ይራመዳሉ፤ የእያንዳንዷ አናት ላይ ቀይ መዳብ ጠብ ብሏል። ሥዕሉ የተቀባ አይደለም። ነሐሱን ቆፍሮ ነው ወርቁንና ብሩን የከተተበት፤ እጅ ሲያልፍበት መጋጠሚያው አይታወቅም። ውስጡን ከጓሯቸው ዛፍ በለቀሙት ፒካን ሞልተውታል፤ ፒካን እዚህ አገር የሚበቅል፣ ከለውዝ ሁሉ የሚጣፍጥ ለውዝ ነው።

"ስላደረጋችሁልኝ ነገር" አሉና ዕቃውን ለወለተሥላሴ አስታቅፈው፣ "ይግቡ" ስንላቸው ቀላ ብለው ሄዱ።

ከረባቱን ያየ ሰው ጉዳዩ የፒካን እንዳልሆነ ሊገባው ይገባ ነበር። እኔ ግን ፒካን እወዳለሁ፤ ከረባቱን አላየሁም።

ፒካኑ ሲያልቅ ዕቃው ጠረጴዛችን ላይ ባዶውን ቀረ። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በወለተሥላሴ ሃይማኖት ከጾምና ከስግደት ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም የሚል ነው። እናቷ ደሴ እያሉ ከጎረቤት ወንፊት ተውሰው ሲመልሱ እንኳ፣ ሌላው ቢቸግር አንድ ሎሚ ጣል ያደርጉበት ነበር ትላለች። ወንፊት ባዶ ያልሄደበት ዘር፣ ወርቅ ያለበት ነሐስ ባዶውን ሊሰድ ነው?

"ደግሞ እንዴት ጠቁሯል" አለች እያገላበጠችው። "ምስኪን፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚፈትግላቸው የለም። ነገ በሎሚና በሽቦ ፈትግልኝማ፣ ሙላው።"

"እሺ" አልኩ። ሙላው እኔ ነኝ፤ እሺ ያልኩትን ነገር የማልሠራ ሰው፤ ሚስቴ ስትነግራችሁ ትውላለች። ያ ጥቁረት ቆሻሻ ሳይሆን ባለሙያው ራሱ ያወጣው ቀለም መሆኑን፣ አንዴ ከለቀቀም እንደማይመለስ ኋላ ስሰማ በስንፍናዬ ኮራሁ።

ጭኮ ሠራች። የገብሱን ዱቄት በንጥር ቅቤ አሽታ፣ ጠቅጥቃ ሞላችበትና እኔን ላከችኝ። ሚስተር ዋልተር በሩን ከፍተው ዕቃውን እጄ ላይ ሲያዩ ፊታቸው ወደቀ።

"ኦ" አሉ።

ክዳኑን አነሱና ጭኮውን አዩት። "ኦ!" አሉ፤ ይኼኛው ሌላ ዓይነት ነበር። አሁን ሳስበው እነዚህን ሁለት ኦዎች ለይቼ ብሰማ ኖሮ ያ ሁሉ ልፋት ባልመጣ ነበር።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ዕቃው በሁለቱ ቤቶች መካከል እንደ ፖስተኛ ይመላለስ ገባ። እሳቸው በኮክ ማርማላታ ጠርሙስ ሞልተው ያመጡታል፤ እሷ በዳቦ ቆሎ ሞልታ ትመልሰዋለች። እሳቸው በብርቱካን፣ እሷ በገብስ ቆሎ። በየመካከሉ ዕቃ ተሸክሞ መንገድ የሚያቋርጠው እኔ ነኝ። ሽማግሌው ነሐሱን በተቀበሉኝ ቁጥር አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ይከፍቱና፣ ቆሎውን አይተው ይዘጉታል።

እኔ የራሴ ትርጉም ነበረኝ። "ሴትዮ፣ ሰውዬው ለምደውሻል" አልኳት። "ዕቃው መጣ ማለት ትእዛዝ መጣ ማለት ነው። በፒካን አጥምደው በሞያሽ ይቀለባሉ።"

"ነውር ነው! ሽማግሌ ናቸው" ትላለች፤ ግን ደስ ይላታል። በሞያዋ ሲመጡባት ደስ የማይላት የወሎ ሴት አላውቅም።

ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ ለሥራ ጓደኛዬ ለፀጋአብ ነገርኩት። ሳቀብኝ። "አሜሪካ መጥተህ ፈረንጅ ቀላቢ ሆንክ? ሪስቶራንት ክፈቱና ቻርጅ አድርጉት!" አለኝ። ምክር ከፀጋአብ መጠየቅ ራሱ ጥፋት ነው።

ሁዳዴ ገባ። ቅቤ ቀረ ብዬ ተስፋ ሳደርግ ወለተሥላሴ በሶ ጨብጣ ዕቃው ውስጥ ትደረድር ጀመር። ልጃችን ሲና እዚሁ አጠገባችን ሊልበርን የምትባል ከተማ ነው የምትኖረው፤ ሆስፒታል ትሠራለች። ያን ቀን ልትጠይቀን መጥታ ኩሽና ስትገባ ጮኸች።

"እማዬ! ዌይት፣ ዌይት! ምን እያደረግሽበት ነው?"

"በሶ ነዋ። ለሚስተር ዋልተር።"

"ኦ ማይ ጋድ። እማዬ፣ ይሄ እኮ አንቲክ ነው። ላይክ፣ ሪል አንቲክ። ጃፓኖች በእጅ ነው የሚሠሩት። ሚውዚየም ውስጥ መስታወት ተደርጎለት ነው የሚቀመጠው፤ አንቺ በሶ ትጠቀጥቂበታለሽ?"

ወለተሥላሴ አማተበች። እጇ ላይ የነበረው ጭብጦ እዚያው ቀረ። "ወይኔ! የሰው ንብረት! ቢወድቅብንስ ምን ልንል ነው? ሙላው፣ አሁኑኑ ውሰድላቸው!"

"ቁርሴን ልጨርስና..."

"አሁኑኑ!"

እንግዲህ አስተውሉ። ዕቃው ውድ መሆኑን ማወቃችን እንድናከብረው አላደረገንም፤ እንድንሸሸው አደረገን። ሰው ለሰው እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል ብሎ የጠረጠረ ከመካከላችን አልነበረም። በነጠላ ጫማ ሮጬ አስረከብኳቸው። በዚያን ቀን ሚስተር ዋልተር "ኦ" እንኳ አላሉም። ዕቃውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ፤ እኔም ምስጋና የነፈጉኝ መስሎኝ ተቀየምኩ።

በሳምንቱ ጠዋት መጡ። ከረባት የለም። ነሐሱን በረንዳችን ላይ አስቀመጡና ሳያንኳኩ ተመለሱ። ወለተሥላሴ በመስኮት አይታቸው ወጣች፤ ክዳኑን አነሳች። ወደ ውስጥ አየች። ዘቀዘቀችው። አንድ ነገር ጠብ አላለም።

"ባዶ!" አለች።

"ረስተውት ይሆናል።"

"ባዶ ዕቃ እኔ ቤት! ምን በደልኳቸው? በሶው ነው! ደረቀባቸው! ወይስ እንደ ለማኝ ቆጠሩኝ? ወይስ ሙይልኝ ማለታቸው ነው?" ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ወረወረች። እኔ እሷን ካገባሁ ጀምሮ ያ ነጠላ እንዲያ ሲወረወር ያየሁት ሰው ሊጣላ ሲል ብቻ ነው። ዕቃውን አቅፋ መንገዱን ተሻገረች፤ እኔ ፈረንጅና ሐበሻ ሊደባደቡ ነው ብዬ ከኋላዋ ሮጥኩ።

በሩ ክፍት ነበር። ዘላ ልትጮህ የገባችው ሴትዮ ደጃፉ ላይ ተገትራ ቀረች። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ ያሉት መደርደሪያዎች ባዶ ናቸው፤ አቧራው ላይ ዕቃ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ሁሉ ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። ሚስተር ዋልተር ከካርቶኖቹ አንዱ ላይ ተቀምጠዋል።

"ሚስተር ዋልተር" አለች ወለተሥላሴ። ሆቴል ልብስ እያጠበች የለቀመቻትን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰበሰበች። "ዋይ ኤምፕቲ?"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ቀጥሎ ያሉትን እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የመለስኩላት።

"ካልፈለጋችሁት ለምን አልነገራችሁኝም?" አሉ። "በሰጠኋችሁ ቁጥር ትመልሱልኛላችሁ። የምትልኩት ምግብ ጥሩ ነው፤ እምቢታችሁን ለማጣፈጥ ያደረጋችሁት መሆኑም ይገባኛል። ምናልባት ውስጡ ያለው ነገር ይሆን የሚያሳስታችሁ ብዬ ዛሬ ባዶውን አመጣሁት። ይኸው እሱም ተመለሰ።"

ወለተሥላሴ ዕቃውን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቁጭ አለች።

ቅዳሜ ሮዝዌል ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ነው። የተሰጣቸው ክፍል አልጋና ወንበር ብቻ ይይዛል። በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው ጃፓን ሳሉ መሰብሰብ የጀመሩትን ነሐስ ሁሉ የወንድማቸው ልጅ ለነጋዴ ሸጦላቸዋል፤ ለእሱ ግድ የላቸውም። ይኼኛው ግን የሚስታቸው የሩት ነበር። ሩት ወፎች የሚራመዱበት ዕቃ መስታወት ውስጥ አይታሰርም ብላ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ቁልፍና ክር ትከትበት ነበር። ስለዚህ ሰው የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ እንዲኖር ይፈልጋሉ። በበረዶው ጊዜ የኛን ጠረጴዛ አይተው መርጠውታል።

"እዩት" አሉ፣ ጣታቸውን በአንዷ ሽመላ አንገት ላይ እያስኬዱ። "ሙጫ የለውም። ነሐሱን በመሮ ይቆፍሩና ጉድጓዱን ከሥሩ ሰፋ ያደርጉታል። ወርቁን ከላይ በመዶሻ ሲመቱት ከሥር ይሰፋና ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚለያቸው የለም። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲሁ ተያይዘው ኖረዋል።"

እኔ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም። "ታዲያ ስጦታ ነው ብለው አንድ ቃል ቢነግሩን ምን ነበረበት?"

"ስጦታ ነው ብሎ መናገር ነውር ነው" አሉ። "እናቴ የሳቫና ከተማ ጨዋ ሴት ናት፤ እንዲያ አላሳደገችኝም።"

"እሺ፣ ፒካኑን ለምን ጨመሩበት? እሱ ነው እኮ ያሳሳተን!"

"ባዶ ዕቃ ለሰው ይሰጣል እንዴ?"

ይህን ተርጉሜ ሳልጨርስ ወለተሥላሴ ፈነዳች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ነሐሱን አቅፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "እሳቸውም! ሙላው፣ እሳቸውም ባዶ ነውር ነው ይላሉ!" ሽማግሌው ምን እንዳሳቃት ሳያውቁ መሳቅ ጀመሩ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት፤ በከንቱ የተሸከምኩትን ሁሉ እያሰብኩ ነበር።

ዕቃውን ተቀበለች። ቆማ፣ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ነው የተቀበለችው። ይሄኔ ነገሩ አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ። ሞኝነቴ! ዕቃው የእኛ ከሆነ፣ ለሚስተር ዋልተር ምግብ የሚላክበትም ዕቃ እሱ ነው አለች። ድሮ መንገድ ነበር የማቋርጠው፤ አሁን ጆርጂያ አራት መቶ በሚሉት ሃይዌይ ላይ ትራፊክ ተጋፍቼ ሮዝዌል ድረስ ነሐስ አመላላሽ ሆንኩ። ነሐሱን ጋቢና አስቀምጬ ቀበቶ አስርለታለሁ። ተሳፋሪዎቼ እንዲህ ተጠንቅቄላቸው አያውቅም።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ዳቦ ቆሎውን ገልብጠው ዕቃውን ሊመልሱልኝ ሲሉ ሚስተር ዋልተር ቆም አሉ። ክፍሉን ዙሪያውን አዩት። አልጋ፣ ወንበር፣ የሩት ፎቶ።

"ባዶ አይመለስም፣ አይደለም?" አሉኝ።

"ግድ የለም፣ ተዉት እባክዎ።"

"ሚስስ ወላታ ትሞታለች።" ስሟን እንዲያ ነበር የሚጠሩት።

ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ሲመለሱ የሹራባቸው ኪስ አብጧል። ቁርስ ላይ ለዳቦ የሚሰጡትን ሚጢጢ የማርማላታ እሽጎች ከመመገቢያ አዳራሹ አፍሰው ነው የመጡት። በወርቅ ቄጠማው መካከል እነሱን ሞሉበት። ሁሉም የወይን ነው። በሚቀጥለውም የወይን፣ ከዚያ በሚቀጥለውም የወይን። ማቀዝቀዣችን በወይን ማርማላታ ተጣበበ። እኔ ደግሞ የወይን ማርማላታ የሳል መድኃኒት ይመስለኛል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

"ሚስተር ዋልተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የወይኑን አልወድም። የእንጆሪው ቢሆንልኝስ?"

"እንጆሪው ሳይነጋ ያልቃል" አሉኝ በቁም ነገር። "እዚህ ያለ ሽማግሌ ሁሉ የሚሻማው እሱን ነው። ዶሮቲ የምትባል አለች፤ ተቀምጣ በምትነዳው ጋሪዋ ነው የምትቀድመን።"

ይህን ቤት ገብቼ ሳወራ ወለተሥላሴ እራት ነሳችኝ ማለት ይቻላል። "ከሽማግሌ ሰው አፍ ላይ አማርጠህ ትለምናለህ? ምን ዓይነት ሰው ነው ያገባሁት!" አለች።

የቅጠሉ መርገፊያ ወራት ላይ ስሄድ ደክመው አገኘኋቸው። ጭኮውን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩላቸው። ዕቃውን ልወስድ ስል እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጫኑ። "ዛሬ ተወው። አልጨረስኩም። በሚቀጥለው ትወስደዋለህ" አሉኝ። ጭኮውን ማለታቸው መሰለኝ።

በሚቀጥለው እሳቸው አልነበሩም። ከቀብሩ በኋላ ዕቃውን ልወስድ ብቻዬን ሄድኩ። ሠራተኛዋ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ። ከብዷል። የተረፈ ጭኮ ነው ብዬ፣ ሳይበሉት መቅረታቸው እያሳዘነኝ ቫኑ ውስጥ ገባሁና ክዳኑን አነሳሁት።

እስከ አፉ ድረስ በማርማላታ ተሞልቷል። አንዱን አወጣሁ፤ እንጆሪ። ሌላውን አወጣሁ፤ እንጆሪ። እጄን እስከ ታች ሰደድኩ። አንድም የወይን የለበትም። ያ ሰው በዚያ ጉልበታቸው፣ በየማለዳው ከሁሉ በፊት ተነስተው፣ ዶሮቲን ከነጋሪዋ ቀድመው ኖሯል። እዚያው ፓርኪንግ ላይ፣ ሽመላዎቹን እቅፌ አድርጌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አጠገቤ ፓርክ ያደረገች ሴት መስኮት አንኳኩታ ደህና ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። "እንጆሪ ነው" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ቤት ሳመጣው ወለተሥላሴ ከፍታ አየች። "ባዶ አልመለሱትም" አለች። ማርማላታዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ሳህን ላይ አደረገችልኝ፤ ዕቃውን በደረቅ ጨርቅ ወለወለችና ሩት እንደምታደርገው ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው። እዚያው ቁጭ ብለን አለቀስን፣ ከዚያም ዳቦ ቆርሰን በእንጆሪ በላን።

በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነቃ ቤቱ ንጥር ቅቤ ንጥር ቅቤ ይሸታል። ኩሽና ብገባ ባለ ሽመላው ነሐስ በጭኮ ጢም ብሎ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ይጠብቀኛል።

"ይህ ደግሞ ለማን ነው?" አልኳት።

"ለዶሮቲ ነዋ" አለች። "እንጆሪዋን የበላንባት እኛ አይደለንም?"

ቁልፌን አነሳሁ። ለነሐሱም ቀበቶውን አሰርኩለት።